የፊታውራሪው ወንበር እግር

ፊታውራሪ አጥናፌ ሲገቡ ያልተነሳላቸውን ሰው ይቅር የማይሉ ሹም ነበሩ። አንድ ቀን በልጃቸው ሠርግ ሊቀመጡበት ያዘዙት ትልቅ ወንበር የት እንደደረሰ ለማየት አሽከሮቻቸውን አስከትለው እንጨት ሠሪው ቤት ገቡ። እዚያ የነበረው ሁሉ ብድግ ብሎ እጅ ነሳ፤ አንድ አንካሳ ሽማግሌ ሳይቀሩ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሱ። እንጨት ሠሪው ብቻ ከበርጩማው አልተነቃነቀም። መርገጫውን በእግሩ እየረገጠ እንጨት ማሽከርከሪያው ቶርኖ ላይ የሚዞረውን የዋንዛ እንጨት በመሮ ያለሰልሳል። ፍቅፋቂው እየበረረ በፊታውራሪው ካባ ላይ ያርፋል።

ሲጨርስ መሮውን ከእንጨቱ አራቀ፣ እንጨቱ መሽከርከሩን እስኪያቆም ጠበቀና ተነስቶ እጅ ነሳ።

«አሁን ገና ታየሁህ?» አሉ ፊታውራሪ። «አንካሳ ሲነሳ አንተ ተጎልተህ ትቀራለህ? ምክንያት ካለህ ተናገር፤ ከሌለህ ሃያ ጅራፍ ትቀምሳለህ።»

«ጌታዬ፣» አለ እንጨት ሠሪው፣ «መሮው እንጨቱ ላይ እያለ እጄ ከተነቃነቀ እንጨቱን ቦርቡሮ ይሰነጥቀዋል። ይህ ደግሞ የወንበርዎ እግር ነው። እኔ ዛሬ ተነስቼልዎ ቢሆን ኖሮ፣ እርስዎ በሠርጉ ቀን እንግዳው ሁሉ እያየ ይወድቁ ነበር።»