የውሰት በቅሎ ጭነት

አንድ ጥጥ ነጋዴ ነበረ። ካርዱን ቦርሳሽ ውስጥ መልሺውና ስሚኝ፣ ስንዱ። ባንኩ እስከዚህ ድረስ በብድር መግዛት ትችያለሽ ብሎ ክሬዲት ካርድ ሰጥቶሻል። የሠርግ ወቅት ደርሷል፤ አንቺ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነሽና፣ «ጋሼ፣ የተፈቀደልኝን በሙሉ ጨርቅ ልግዛበት ወይስ ላስተርፍ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ሳስተምር ስለኖርኩ ወረቀትና እርሳስ አውጥቼ የማሰላልሽ መስሎሽ ይሆናል። አላሰላልሽም። ስለ ነጋዴው ልንገርሽ።

ይህ ሰው ከቆላ ጥጥ እየገዛ ደጋ ላሉ ሸማኔዎች የሚያደርስ ነበር። ሰነፍ አልነበረም፤ አባካኝም አልነበረም። ይህን አስቀድመሽ እወቂልኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ሰው ሁሉ ወዲያው «ሞኝ ነው» ብሎ ይፈርዳልና። ችግሩ በቅሎው መሞቷ ነበር። በቅሎ የሌለው ነጋዴ ደግሞ ገበያ ዳር ቆሞ የሰው ጭነት ከማየት ሌላ ሥራ የለውም። ሚስቱ አራስ ናት፤ ቤት ውስጥ ያለው እህልም እያለቀ ነው።

ስለዚህ አንድ ባለጸጋ ዘንድ ሄዶ በቅሎ እንዲያውሰው ለመነው። ባለጸጋው ከእግር እስከ ራሱ አየው፤ ስለ ጠባዩም ጎረቤቶቹን ጠየቀ። ከዚያ አንዲት ደንዳና በቅሎ አስወጣለትና፣ «እስከ ስድስት ፈረሱላ ትችላለች። ከዚያ በላይ እንዳትጭንባት። በደህና ከመለስካት ሌላ ጊዜም መጥተህ ትወስዳታለህ፤ ከጠፋችብህ ግን ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ» አለው።

ነጋዴው ደስታውን የሚያደርግበት አጣ። ቁልቁለቱን ሁሉ «ስድስት፣ ስድስት» እያለ ነው የወረደው። ከባለጸጋው ቃል ሁሉ ልቡ ውስጥ የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች።

ቆላ ገበያ ሲደርስ ጥጡ እንደዚያ ቀን ረክሶ አያውቅም። ያለችውን ጥሪት አራገፈና አስመዝኖ በጆንያ ማስሞላት ጀመረ። አብሮት የሚጓዝ ሌላ ነጋዴ ነበር። እሱም የውሰት በቅሎ ይዟል፤ እሷም የምትችለው ያንኑ ያህል ነው። ይህ ጓደኛው ግን ሁለት ፈረሱላ ብቻ ጫነና መጫኛውን አጥብቆ አሰረ።

«ምነው፣ በቅሎህን አሟታል እንዴ?» አለው የእኛ ሰው።

«ኧረ ደህና ናት።»

«ታዲያ ሽርሽር ልትወስዳት ነው?»

ጓደኛው ሳቀ። «መንገድ ነው ወንድሜ፤ ምን እንደሚገጥም አይታወቅም። አንተም ቀነስ ብታደርግ ይሻልሃል» አለው።

«ጌታዋ እስከ ስድስት ብለውኛል። ከተፈቀደልኝ ላይ አንዲት እፍኝ አልጨመርኩም። የተሰጠኝን ትቼ ብሄድ ቂል አልባልም?»

እውነቱን ነው፤ አንዲት እፍኝ አልጨመረም። ልክ ስድስት ፈረሱላ ነበር።

ሜዳው ላይ በቅሎዋ ምንም አልመሰላትም፤ ጆሮዋን ቀስራ ትገሰግሳለች። ሰውየው ከኋላዋ እየተከተለ በሐሳቡ ጥጡን ሸጦ፣ ለአራሷ ቅቤና ማር ገዝቶ፣ ለሕፃኑ መጠቅለያ ነጠላ አሸምኖ ጨርሷል። ማን ይፈርድበታል? የተራበ ቤት ያለው ሰው መንገድ ላይ ሌላ ምን ያስባል?

ከዚያ አቀበቱ መጣ። በቅሎዋ እሱንም እያለከለከች ተያያዘችው። አጋማሹ ላይ ሲደርሱ ግን ሰማዩ ጠቆረ። የዝናብ ወቅት አልነበረም፤ ቢሆንም ዘነበ። ዶፉን አወረደው። ጥጥ ውሃ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ለልብስ ሰፊ አልነግርም። ማንም እጁን ሳያስገባበት ጭነቱ በየእርምጃው እየከበደ ሄደ። ባንድ ወገን ገደል፣ በሌላው ወገን ቋጥኝ በሆነ ጠባብ መንገድ ላይ የበቅሎዋ ጉልበት ከዳትና ተንበረከከች። የጭነቱ ክብደት ወደ ገደሉ ይጎትታት ጀመር።

የጓደኛውም ጥጥ በስብሷል፤ ግን የእሱ በቅሎ ቆማለች። ቶሎ ብሎ ከቋጥኙ ጋር አሰራትና ሮጦ የወደቀችውን በልጓሟ ያዘ። «መጫኛውን ቁረጠው!» ብሎ ጮኸ።

ሰውየው ቢላዋውን አወጣ፤ እጁ ግን አልታዘዝ አለው። ጥጡ የአራሷ ቅቤ ነው። ያለው ሀብት ያ ብቻ ነው። በቅሎዋ ደግሞ የሰው ናት፤ ገደል ከገባች ከእንግዲህ ማን ያምነዋል? በምን ይነግዳል? በቅሎዋ እያቃሰተች ተንሸራተተች። ያን ጊዜ እያለቀሰ መጫኛውን ቆረጠው። ጥጡ እየተንከባለለ ገደል ገባ፤ በቅሎዋም ተንቀጥቅጣ ተነሳች።

ጓደኛው «አልነገርኩህም ነበር?» አላለውም። እንዲህ ያለ ሰው አይጥፋ! በቋጥኙ በኩል መንገዱ ላይ የቀረችውን አንዲት ጆንያ አንስቶ በራሱ በቅሎ ላይ ጫነለትና፣ «በል እንሂድ፤ ይመሻል» አለው።

ሰውየው በቅሎዋን ይዞ ባለጸጋው ዘንድ ተመለሰ። የተላጠ ጉልበቷን አሳየው፤ የሆነውን ሁሉ ምንም ሳይደብቅ ነገረው። በመጨረሻ ግን ሆድ ባሰውና፣ «ጌታዬ፣ እርስዎ እኮ እስከ ስድስት ትችላለች ብለውኝ ነበር» አለ።

«ትችላለች» አለው ባለጸጋው። «እኔ የማውቀው በቅሎዬን ነው። መንገድህን አላውቅም፤ ሰማዩንም አላውቅም። ስድስት ያልኩህ ለደረቅ ቀን ነው።»

በቅሎዋን አልከለከለውም፤ «ጉልበቷ ሲድን መጥተህ ውሰዳት» አለው። ጥጡን ግን ማንም አልመለሰለትም። ያቺ አራስ ያን ጊዜ እንዴት እንዳለፈችው ባልነግርሽ ይሻላል።

እንግዲህ ስንዱ፣ በቅሎዋ ያቺ ካርድሽ ናት። ባንኩ ያን ጣሪያ የሰጠሽ ገቢሽን አይቶ፣ ጠባይሽን ጠይቆ ነው፤ ክፉ አላሰበብሽም። ያየው ግን ደረቁን ቀንሽን ነው። ሙሽሪት ሠርጓን ልታራዝም እንደምትችል፣ መብራት ሲጠፋ የስፌት መኪናሽ እንደሚቆም፣ ልጅሽ ቢታመም ሱቁን ዘግተሽ ሆስፒታል እንደምትውዪ አያውቅም። አንቺ ታውቂዋለሽ። ዕዳ ደግሞ ልክ እንደዚያ ጥጥ ነው፤ በጊዜው ካልተከፈለ አንዲት ክንድ ጨርቅ ሳትጨምሪበት በወለዱ ብቻ ይከብዳል። ስለዚህ ሲሶውን ጫኚ፤ ወሩ ሳያልቅ ከፍለሽ አራግፊው። የተረፈውን «ባከነ» አትበዪ፤ ዝናብ ሲመጣ የሚያቆምሽ እሱ ነው። ባንኩም ቢሆን የሚያምነው እንዲህ የሚጭነውን ነው።

ያ ሰው ቆርጦ የሚጥለው ጥጥ ነበረው። አንቺ አቀበቱ ላይ ብትያዢ ምንሽን ትጥያለሽ? የልጅሽን ትምህርት ቤት? ያን ቀን ልጓምሽን የሚይዝ ሰው አጠገብሽ መኖሩንም እንጃ፤ እኔ እንደሆንኩ አርጅቻለሁ። ለዚህ ነው ልጄ፣ ገና ገበያው ላይ ሳለሽ የምለምንሽ።