ድምፅ ያስቀነሱት ሽማግሌ

አንድ ነገር ዐዋቂ ሽማግሌ ነበሩ። ጋሽ ይመር ይባላሉ። በከተማቸው ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ ወንድማማቾች በውርስ ሲካሰሱ፣ ጎረቤታሞች በአጥር ሲቀያየሙ ቀድሞ የሚነሣው የእሳቸው ስም ነው። ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ከመንከራተት እሳቸው ፊት ቀርቦ መታረቅን የሚመርጥ ይበዛል። ጉቦ አይቀምሱም፤ ለዘመድ አያደሉም። በየሰፈሩ እንዲህ ያለ አንድ ሰው ቢኖር ምንኛ በታደልን እላለሁ።

አንድ ጉድለት ግን ነበረባቸው። ሌላው ቀርቶ እሳቸውም አያውቁትም ነበር።

በዚያ ሰሞን የያዙት ጉዳይ የበላቸውና የአንጓች ነው። በላቸው የታወቀ ነጋዴ ነው፤ አንጓች ደግሞ ባሏ የሞተባት ልብስ ሰፊ ናት። አጥር ይጋራሉ። ክረምት ሲገባ ውሃ በሁለቱ ግቢ መካከል እየተጠራቀመ ቤታቸው ይገባል። በላቸው ጥፋቱ የሷ ነው ይላል፤ አጥሯን ሥር ሥሩን በድንጋይ ስለደፈነችው ውሃው መውረጃ አጣ፣ ስለዚህ አጥሩም፣ አጥሩን ተደግፎ የቆመው ክፍልም ይፍረስ ባይ ነው። ያ ክፍል የአንጓች የስፌት መኪና ያለበት ነው። ልጆቿን ያሳደገችው እዚያች መኪና ላይ ጎንበስ ብላ ነው። ሌላ ቦታ የላትም። ክፍሉ ከፈረሰ የዕለት ጉርሷም አብሮ ይቋረጣል።

ነገሩ በእድሩ አዳራሽ ተሰማ። ምላሱ ጤፍ ይቆላል እንዲሉ፣ በላቸው ከወንበሩ ተነሥቶ አንዴ በተረት፣ አንዴ በመሐላ እያዋዛ አዳራሹን ሞላው። ሰው ሳቀለት፤ ራሱን እየነቀነቀ ተስማማለት። አንጓች ተራዋ ሲደርስ አንገቷን ደፍታ በለሆሳስ ጥቂት ተናገረችና ተቀመጠች። ከኋላ የነበሩት አልሰሟትም። ከፊት የነበሩትም ቢሆኑ የበላቸው ድምፅ ገና ከጆሯቸው አልወጣም ነበር። ጋሽ ይመር ውሳኔውን ለሚቀጥለው እሑድ ቀጠሩ። በልባቸው ግን ፈርደው ጨርሰዋል፤ አጥሩ ይፈርሳል።

በመካከሉ ሌላ ጉዳይ ገጠማቸው። ዐይናቸው ደክሞ ማንበብ ስለተሳናቸው ልጃቸው ስልካቸው ላይ የመጻሕፍት ትረካ ጭና ሰጥታቸው ነበር። የስልኩ ድምፅ አልሰማ ሲላቸው ደግሞ፣ ያለ ገመድ በብሉቱዝ የሚሠራ የቤት ስፒከር እንዲገዙ መከረቻቸው። እሳቸውም ከዘራቸውን ይዘው ገበያ ወጡ።

በዚያች ከተማ ስፒከር እንዴት እንደሚሸጥ ልንገራችሁ፤ እናንተም ጋ ከዚህ የተለየ አይመስለኝም። ነጋዴው ስፒከሩን ደጃፉ ላይ አውጥቶ እስከ መጨረሻው ይከፍተዋል። ጎረቤቱ እሱን ለመብለጥ የራሱን ይከፍታል። መንገደኛው ጆሮውን ይዞ ያልፋል። የሚገዛው ሰውም ደረቱን ያንቀጠቀጠውን ይዞ ይሄዳል። ጋሽ ይመርም ሰው ናቸውና፣ መጀመሪያ የገቡበት ሱቅ ውስጥ ወገብ የሚደርስ፣ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚረጭ ስፒከር ልባቸውን ወሰደው። ሆኖም አንድ ወገን ብቻ ሰምቶ መወሰን ልማዳቸው ስላልሆነ፣ እዚያው ገበያ ስፒከር ወደምትሸጠው ወደ ሰዓዳ ሱቅ አለፉ።

የሰዓዳ ደጃፍ ጸጥ ያለ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ሱቁን ሳያየው ያልፋል፤ አንዴ የገባ ግን ሌላ ሱቅ አይሄድም። እሷም ጋ ያው ትልቁ ስፒከር ነበር። አጠገቡ የወተት ጣሳ የምታክል፣ ምንም የማታብለጨልጭ ሌላ ተቀምጣለች። ሰዓዳ ሁለቱንም በየተራ ከፈተችላቸው። ጋሽ ይመር ሳያመነቱ ወደ ትልቁ ጠቆሙ።

እዚህ ላይ ሌላ ነጋዴ ቢሆን በካርቶን ጠቅልሎ ይሸኛቸው ነበር። ትልቁ ስፒከር መደርደሪያዋን አጣቦ የከረመ ዕቃ ነው፤ ቢነሣላት እፎይ ትላለች። ሰዓዳ ግን እጇን ከካርቶኑ ላይ አነሣች።

“ጋሽ ይመር፣ ገና አላወዳደሩም” አለቻቸው። “ትልቁ ስለጮኸ ነው የመረጡት። ጆሮ ሞኝ ነው፤ ከፍ ያለውን ሁሉ ጥሩ ይለዋል።”

ከዚያ ፊታቸውን አዙረው እንዲቆሙ አድርጋ ሁለቱን ስፒከሮች አቀያየረችና፣ የትኛው የት እንዳለ እንዳይለዩ በስስ መጋረጃ ጋረደቻቸው። የትልቁን ድምፅ ከትንሿ ጋር እኩል እስኪሆን ቀነሰችው፤ እኩል ናቸው ወይ ብላ እየጠየቀች፣ እሳቸው አዎ እስኪሉ ድረስ። የከፈተችው ዘፈን አልነበረም፤ አንድ ሰው ታሪክ ሲያነብ ነው። ጋሽ ይመር ዐይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ከአንደኛው የሚወጣው ቃል እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ አንባቢው ጋቢ ተከናንቦ የሚያወራ ይመስላል። ከሌላኛው ግን እያንዳንዱ ቃል ተለይቶ ይሰማል። አንባቢው ትንፋሽ ሲወስድ ይሰማል። ገጽ ሲገልጥ ይሰማል። ጋሽ ይመር ወደዚያኛው ጠቆሙ። መጋረጃው ሲነሣ ትንሿ ሆና ተገኘች።

ሽማግሌው ተገረሙ። ትልቁን ሸጣ መገላገል ስትችል ለምን ይህን ሁሉ እንደደከመች ጠየቋት። እሷም ጠባይዋ ነውና ፈገግ ብላ፣ የሚመርጡት ሱቄ ውስጥ ነው፣ ሲሰሙት የሚኖሩት ግን ቤትዎ ነው አለቻቸው። ትልቁም ለሠርግ ድንኳን ክፉ እንዳልሆነ ነገረቻቸው። የዚህችን ሴት ነገር ሳስብ ደስ ይለኛል። የራሷን ዕቃ እንኳ ያለ ፍርድ አላዋረደችም።

ጋሽ ይመር ትንሿን ስፒከር ቤታቸው አስገብተው ትረካ ከፈቱ። ድምፁ እንደ ሱቁ ጥርት ብሎ ወጣ። እሳቸው ግን ታሪኩን መከታተል አልቻሉም። የሰዓዳ ንግግር በጆሯቸው ይመላለሳል። ከዚያም የአንጓች አንገት መድፋት ትዝ አላቸው። በአዳራሹ ምን ብላ ነበር? ለማስታወስ ሞከሩ። የበላቸው ተረት፣ የበላቸው መሐላ፣ ሰው የሳቀበት ቦታ ሁሉ አንድም ሳይቀር መጣላቸው። ከአንጓች አንድ ቃል አጡ። ያን ጊዜ ፈሩ። ስንት ዘመን እንዲህ ፈርጃለሁ ብለው ነው የፈሩት።

እሑድ ሲደርስ ባለጉዳዮቹንና አብረዋቸው የሚሸመግሉትን ወደ አዳራሹ ሳይሆን ወደ ቤታቸው ጠሩ። ሲገቡ ጋሽ ይመር የተኛ የልጅ ልጃቸውን፣ ገና የአራስ ቤት ሕፃን፣ አቅፈው ተቀምጠዋል።

“ዛሬ ሁላችንም በሹክሹክታ ነው የምንነጋገረው” አሉ። “ሕፃኑን የቀሰቀሰ ሰው እሹሩሩ ይላል።”

ሰው በልቡ ሳቀ። በላቸው ሊነሣ ፈለገ፤ ቆሞ መንሾካሾክ ግን እንደማይሆን ገባውና ተቀመጠ። በዚያ ድምፅ መሐላ አያምርም፤ ተረትም አይደምቅም። የቀረው ነገሩ ብቻ ነበር።

“ጣሪያዬን አደስኩ” አለ። “አሸንዳው መኪና ማቆሚያዬን ስላጨቀየው ወደሷ አጥር አዞርኩት። ከዚያ ክረምቱ ሲገባ እሷ አጥሯን በድንጋይ…”

እዚህ ላይ ቆመ። የሚናገረውን ራሱ የሰማው ያን ጊዜ ነው። የትኛው እንደቀደመ ከገዛ አፉ ወጣ። የቀሩት ሽማግሌዎች ተያዩ።

ጋሽ ይመር ወደ አንጓች ዞሩ። እሷ ድምፅዋን መቀነስ አላስፈለጋትም፤ እንደ ወትሮዋ ተናገረች።

“ድንጋዩን የደረደርኩት ውሃው ከአሸንዳው ወርዶ ስፌት መኪናዬ ሥር ሲገባ ነው” አለች። “ባለፈውም የተናገርኩት ይሄንኑ ነበር።”

ጋሽ ይመር ሕፃኑን እንዳቀፉ ዝቅ ብለው፣ “ተናግረሻል ልጄ። ያልሰማሁሽ እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ” አሏት።

ያን ያህል ዘመን ዳኝተው፣ ያን ያህል ተከብረው፣ በሰው ፊት አልሰማሁም ማለት ቀላል አይደለም። ከፈረዱት ፍርድ ሁሉ እኔ የማደንቅላቸው ይህን ነው። ለበላቸውም የሚገባውን ክብር እንስጠው፤ አልተከራከረም። በማግስቱ መሰላል አቁሞ አሸንዳውን በገዛ እጁ ወደ ራሱ ግቢ መለሰ። አጥሩ ቆመ፤ ክፍሉም ቆመ፤ መኪናዋም መስፋቷን ቀጠለች።

ሕፃኑ ደግሞ ክርክሩን ሁሉ ተኝቶ ነው ያሳለፈው። የነቃው በዕርቁ ማብቂያ፣ በምርቃቱ ላይ ነበር። ደስ ብሏቸው ድምፃቸውን ከፍ ያደረጉት ጋሽ ይመር ራሳቸው ስለነበሩ እሹሩሩውም ለእሳቸው ደረሰ።

ወዳጆቼ፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይላሉ አባቶቻችን። ሥሩ ጋ ለመድረስ ግን መጀመሪያ ሁሉንም በእኩል ድምፅ መስማት ያሻል። ጮኾ የሚናገር ሁሉ ሐሰተኛ አይደለም፤ ዝቅ ብሎ የሚናገርም ሁሉ እውነተኛ አይደለም። ማን ምን እንደያዘ የሚታወቀው ጩኸቱ ሲቀነስ ነው። ሰዓዳ ስፒከር ስትሸጥ ይህን ታውቅ ነበር፤ ጋሽ ይመር በስተርጅና ተማሩት።

እስቲ አሁን እናንተም አስቡ። በቤታችሁ፣ በሥራ ቦታችሁ፣ ድምፁ ዝቅ ያለው ማን ነው? ባለፈው ሲናገር ምን እንዳለ ታስታውሳላችሁ?