ያልጮኹት ውሾች

አንድ ባለ ብዙ በግ ሰው ነበረ። ቆይ ትርንጎ፣ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። ወንድምሽ ደርበው የደም ካንሰር ይዞታል፤ ሐኪሞቹ የራሱን ነጭ የደም ሴሎች አውጥተው፣ ዘረመላቸውን ለውጠው መልሰው ሊሰጡት አስበዋል። እሱ «የከዳኝን ደም መልሼ አልቀበልም፣ ነገ አልፈርምም» አለ። አንቺ ደግሞ የከዳው ደሙ እንዴት ያድነዋል፣ የኔን ለምን አይወስዱም ብለሽ መጣሽ። አርባ ዓመት ሰው ሳክም ከዚህ የባሰ ብዙ ተጠይቄያለሁ። አሁን አታቋርጪኝ።

ሰውዬው አራት ጠባቂ ውሾች ነበሩት። ጅብ ሲመጣ ግቢውን በጩኸት ያናውጡታል፤ ቀበሮ በዚያ በኩል ዝር አይልም። ልጆቹን የሚያበላውም የሚያለብሰውም ከበጎቹ ነው። አንድ ዓመት ግን ግልገሎቹ ያልቁ ጀመር፤ ውሾቹም ጭጭ አሉ። የተበላ ግልገል ባገኘ ቁጥር ዱላውን አንስቶ ውሾቹን ይቀጠቅጣል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ የኔዎቹ በልተው ያስበላሉ» እያለ ለጎረቤት ያማቸዋል።

መርዝ የነካው ሥጋ በየጥጋጥጉ በተነ። ግልገል ከሚበሉት ሌቦች ጥቂቱ እሱ ሳያያቸው ሞቱ፤ ከራሱ ውሾችም አንዱ ሞተ። ወር ሳይሞላ ግልገል መበላቱ ቀጠለ። ከዚያ የጎረቤት ውሾች ተዋሰ። እነሱስ ሌባውን ነከሱት፣ አልዋሽም፤ በዚህ መንገድ የዳነ ግቢም አውቃለሁ። የሱን ቤት ግን ስለማያውቁት በጉንም ልጁንም ነከሱ። መለሳቸው።

በመጨረሻ ተስፋ ቆረጠና የራሱን ውሾች ሊሰቅል ገመድ አዘጋጀ። አንድ ሽማግሌ አዳኝ በዚያ ሲያልፍ አየውና፣ እስቲ ዛሬ ታገስ፣ ማታ ከኔ ጋር አጥሩ ሥር ተቀመጥ አለው። ፀሐይ ልትገባ ስትል ከግቢው ማዶ ካለው ገደል ሁለት ቀይ ውሾች ወጡ። የግቢዎቹ ተነሡ፤ ጅራታቸውን እየቆሉ አፋቸውን ላሱላቸው። ሰውዬው ክው አለ። ጅብ በላቸው ብሎ የተዋቸው፣ እዚያው ግቢ የተወለዱ ቡችሎች ነበሩ፤ ገደል ገብተው፣ ዱር ለምደው፣ ተራብተው በጉን የሚጨርሱት እነሱ ናቸው።

አዳኙ «ውሾችህ አልከዱህም፤ የሚያውቁትን ሽታ እንዴት ይጩኹበት? ስጠኝ፣ ላስተምራቸው» አለው።

ሰውዬው ገመዱን ለሱ ሰጠው። አዳኙ ውሾቹን ቤቱ ወሰደ። ሌቦቹ የሚተኙበትን ሣር ከገደሉ አምጥቶ ያሸታቸዋል፤ ያጉረመረመው ሥጋ ያገኛል፣ ጅራቱን የቆላ ጦሙን ያድራል። አንዷ እዚያው ወለደች፤ ቡችሎቹንም አስተማረ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውዬው ቤት ግልገል እየተበላ ነው፤ በየቀኑ አልደረሱም ወይ እያለ ይልክ ነበር።

ሦስት ሆነው የሄዱት ዘጠኝ ሆነው ተመለሱ። ያን ቀን ግቢው ታመሰ። አጥር ፈረሰ፣ በጉ ደነበረ፣ ሚስትየዋ በሩን ዘግታ እሰሩልኝ አለች። አዳኙ ግን እንዲህ እንደሚሆን አስቀድሞ ነግሯቸው ስለነበር ገመዱን ይዞ ሦስት ቀን ከዚያ አልተነቃነቀም፤ ሲብስ ይይዛቸዋል፣ ሲበርድ ይለቃቸዋል። በአራተኛው ቀን ውሾቹ ሌቦቹን ስለጨረሱ ገደሉ ባዶ ሆነ። የሌቦቹ ወንድም የሆነ፣ ምንም ያላጠፋ፣ ስለማይጠብቅ ከአራቱ ያልተቆጠረ አንድ ውሻ ግቢው ውስጥ ቀርቶ ነበር። ሽታው አንድ ስለሆነ እሱንም ገደሉት። ሰውዬው ለሱ አለቀሰ። ግልገሎቹ ግን አደጉ።

እንግዲህ ትርንጎ፣ ካንሰሩ ከውጭ የመጣ ጅብ አይደለም፤ እዚያው በደርበው ሰውነት ውስጥ የተወለደ ነው። ጠባቂ ሴሎቹ ያላጠቁት የቤት ልጅ መስሏቸው ነው። ሐኪሞቹ አውጥተው የሌባውን ምልክት እንዲያውቁ ያደርጓቸዋል፣ አባዝተው ይመልሷቸዋል። ያንቺ ጠባቂዎች የሱን ቤት አያውቁትም፤ የራሱ ያውቁታል። ሲመለሱ ትኩሳቱ ሊያንቀጠቅጠው፣ ሊያቃዠውም ይችላል፤ ሐኪም ቤት አስተኝተው ቀን ከሌት የሚጠብቁት ለዚያ ነው። ያንኑ ምልክት የያዙ ጤነኛ ሴሎችም አብረው ያልቃሉ። ዋስ አልሆንልሽም፤ በሽታው የሚመለስበትም አለ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ያ ሰውዬ ታማኞቹን መቀጥቀጡ ነው። ደርበውም ይኸው ስንት ወሩ፣ በገዛ ሰውነቱ ላይ እየዛተ። ሂጂና ጠባቂዎችህ አልከዱህም፣ ጠላታቸውን የሚያሳያቸው ነው ያጡት በይው። መፈረም አለመፈረሙን እሱ ያውቃል፤ ብቻ ራሱን ጠልቶ አይወስን።