ያልበረደ ፍግ

ስሙኝማ ልጆቼ፤ የሾላ ገደል ቤቶች ሁሉ የሣር ክዳን በነበሩበት በዚያ በራቀው ዘመን፣ ትርንጎ የምትባል ባልቴት ነበረች። ሀብቷ አንዲት ላምና ቁልቁለት ላይ የተንጠለጠለ የጎመን ጓሮ ብቻ ነበር።

የጓሮው አፈር ስስ ነበር፤ ጎመኑም ቢጫ ሆኖ ይቀጭጭ ነበር። ሌላው ሰው አዛባውን ኩበት ጠፍጥፎ ሲያነድድ፣ ትርንጎ ከደረቅ ቅጠልና ከየደጁ ከለቀመችው ጥቂት የዶሮ ኩስ ጋር ከመረችው። ሸፈነችው፤ አገላበጠችው፤ እስኪበርድና አፈር አፈር እስኪሸት ጠበቀችው። ጎረቤቶቿ «ትርንጎ ዘንድሮ ፍግ ጠምቃለች፤ ማን ሊጠጣላት ነው?» እያሉ ሳቁባት። እርሷ ግን የበረደውን ፍግ ከጎመኑ ግንድ አራቅ አድርጋ በዙሪያው በተነችው። ጎመኑ ጠቆረ፤ ቅጠሉ ሰፋ። ሳቁም ቆመ።

ከዚያ በረዶ ወረደና የመንደሩን የጓሮ አፈር ጠርጎ ወሰደው፤ የትርንጎን አፈር ግን ፍጉ አያይዞ አቆየው። የሳቁት ሁሉ ፍግ ሊለምኑ ቅርጫት ይዘው መጡ። ትርንጎ ማንንም ባዶ እጁን አልመለሰችም። «እምቢ የማታውቅ» አሏት። ስሙ ደስ አሰኛት።

ክረምት ገባ፤ ጎተራው ሁሉ ተራቆተ። ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድገው የሹምነሽ መጣች። ለልጆቿ የቀራት ተስፋ ጥቂት የጎመን ችግኝ ነበር።

«እትዬ ትርንጎ፣ እኔንስ አይርሱኝ።»

«የበሰለው አልቋል እኮ፣ የኔ እህት። ይህኛው ገና ትኩስ ነው።»

«ለአገሩ ሁሉ ደርሶ ከእኔ ሲደርስ አለቀ? ድህነቴ አስንቆኝ ነው አይደል?»

ትርንጎ ያልበረደ ፍግ ተክል እንደሚያቃጥል ታውቅ ነበር። ታውቅ ነበር፤ ግን ይሉኝታ ያዛት። «ከግንዱ አርቂው፣ አደራ» ብላ ቅርጫቱን ሞላችላት። የሹምነሽ ግን ጎመኑ ቶሎ እንዲደርስላት ከግንዱ አስጠግታ ቆለለችው።

ሳምንት ሳይሞላ ችግኙ ከቅጠሉ ጠርዝ ጀምሮ ነደደ፤ ሥሩም ሞተ።

ትርንጎ ይህን በሰማች ጊዜ ብቻዋን በልታ በማትጨርሰው ጎመን መካከል ቆማ ነበር። እቅፍ ሙሉ ቀንጥሳ ሮጠች። የሹምነሽ በር በጠፍር ታስሯል።

«ልጆቿን ይዛ ወደ ቆላ ወረደች» አሏት ጎረቤቶች።

ትርንጎ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ጎመኑ በእቅፏ ጠወለገ። «ያንን ከልክዬ ይህን ብሰጣት ምን ነበረበት?» አለች።

ስለዚህ በሾላ ገደል እስከ ዛሬ ያልበረደ ፍግ የሚለምን ሰው እምቢ ይባላል፤ ግን ከባለቤቱ ጓሮ ጎመን ይቀነጠስለታል። «የትርንጎ እምቢታ» ይሉታል። የተከለከለውም አይቀየምም፤ ጎመኑን ይዞ ይሄዳል፤ ፍጉ ሲበርድ ይጠራል።

የሹምነሽን ግን የሚጠራት አልተገኘም።