ሦስት ፕሮፌሰር በአንድ ሰሌዳ

ዕውቀት ሁሉ አንድ ነው ብለው አንዱን ትምህርት ለሦስት ሆነው የሚያስተምሩ የኮሌጅ ፕሮፌሰሮች ነበሩ አሉ። የታሪኩ መምህር የጻፉትን የሥነ ሕይወቱ ያጠፉታል፤ እሳቸው የጻፉትን ደግሞ የፍልስፍናው። ከጠመኔው ብናኝ የተነሣ ተማሪው ሁሉ ወፍጮ ቤት የዋለ መስሎ ይወጣል።

አንዱ ምላሰኛ ተማሪ በዚህ ሲስቅ ተያዘ።

“አንተ፣ ተነሥ!” አሉት የፍልስፍናው። “ሦስታችንን አንድ የሚያደርገን ነገር ምንድን ነው? ካልመለስክ ወድቀሃል!”

“ይውደቅ! ይውደቅ!” አሉ ሌሎቹ ሁለቱም።

“ጌቶቼ፣ መልሱ የእኔ መውደቅ ነው” አለ ልጁ እጅ ነሥቶ። “ዓመቱን ሙሉ ስትጣሉ ከርማችሁ፣ ዛሬ ገና በእሱ ተስማማችሁ። እንግዲህ መልሻለሁና አሳልፉኝ፤ ለፍቅራችሁ ማቆያ ሌላ የሚወድቅ ሰው እናፈላልጋለን።”