በመጡበት ተራ

አንዲት የሥነ ልቦና አማካሪ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጥራ ሰዉን አንድ በአንድ ስታነጋግር ሰነበተች። ሥራ አስኪያጁ አቶ ጥጋቡ ሠራተኛው በሙሉ በተሰበሰበበት ብድግ አሉና፣ «ስሚ! ድሮ ነርስ ነበርሽ፤ ቀጥለሽ እስረኛ መከርሽ፤ ከዚያ ደግሞ ባልና ሚስት ስታስታርቂ ከረምሽ። ለመሆኑ ሙያሽ ምንድን ነው?» አሏት።

«ሰው ማዳመጥ ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ያዳመጥሽውን አሁኑኑ ተናገሪ! ማን ምን አለሽ? አለዚያ ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ!»

ሠራተኛው ሁሉ አንገቱን ደፋ። እሷ ግን ፈገግ አለች።

«እሺ፤ ብቻ እንዳላዳላ በመጡበት ተራ ልናገር። መጀመሪያ የመጡት ትልቅ ሰው፣ ስብሰባ ላይ ሲቆሙ ጉልበታቸው እንደሚብረከረክ አጫወቱኝ። ስማቸውን እኔ ልጥራ ወይስ እርስዎ?»

አቶ ጥጋቡ ጉልበታቸውን ያዝ አድርገው ተቀመጡ።