የጥለቱ ባለቤት

ሽሮ ሜዳ ውስጥ መልስ የማያጣ አንድ ሸማኔ ነበር። ወይዘሮ እልፍነሽ የሚባሉ የትልቅ ልብስ ቤት ባለቤት ከእሱ አንድ ቀሚስ ገዝተው ሄዱ። በዓመቱ የዚያኑ ቀሚስ ጥለት በፋብሪካ አስመርተው፣ በስማቸው አስመዝግበው፣ "ፈጠራዬን ሰረቀኝ" ሲሉ ከሰሱት። ከተፈረደበት ያን ጥለት ዳግመኛ መሸመን አይችልም።

ችሎት ፊት የምዝገባ ወረቀታቸውን ከፍ አድርገው፣ "ክቡር ዳኛ፣ ይህ ጥለት እያንዳንዷን ክር ራሴ አስቤ የነደፍኩት ነው" አሉ።

ዳኛው ወደ ሸማኔው ዞረው፣ "መልስህ ምንድን ነው?" አሉት።

ሸማኔው ለማስረጃ የቀረቡትን፣ ከእሱ የተገዛውንና የፋብሪካውን ቀሚስ ጎን ለጎን ዘረጋና በጣቱ አሳየ። በሁለቱም ጥለት ላይ፣ ቀይ መሆን በሚገባው ቦታ አንድ አረንጓዴ ክር ገብቷል።

"ክቡር ዳኛ፣ ይህን ስሸምን ልጄን ምጥ ይዟት ነበር። ልቤ እሷ ዘንድ ሆኖ ክር ተሳሳትኩ። ጥለቱን እሺ፣ እመቤቴ ይውሰዱት። ስህተቴን ግን ይመልሱልኝ፤ እሱንም የሚመኝ ሰው ይኖራል ብዬ ስላላሰብኩ አላስመዘገብኩትም።"

ዳኛው መዝገቡን የዘጉት እየሳቁ ነው። ጥለቱም ለባለ ስህተቱ ተፈረደ።